በዱቄት ስም የተሰማ ቫዮሊን

በዛሬው ንግግራችን የአንድ የሙዚቃ ጓድ መሪ ታሪክ እናቀርብላችኋለን። ሰውየው ጄምስ ሮበርት ዊልስ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ቦብ ዊልስ በሚለው አጭር ስሙ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ምዕራብ፣ በቴክሳስና በኦክላሆማ ግዛቶች፣ ኋላም በካሊፎርኒያ አያሌ ሕዝብ ያስጨፈረ፣ ዌስተርን ስዊንግ ተብሎ የሚጠራውን የሙዚቃ ዓይነት ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የሙዚቃ ሰው ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የድምፁ ማማርና የዘፈኖቹ ብዛት ነው። እኛ ግን በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ አንድ ጥያቄ ልንከተል እንወዳለን። ይኸውም፣ የሙዚቃው አዛዥ ማነው? የሚል ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ነጋዴ ነውን? ሸክላውን የሚያስቀርጸው ኩባንያ ነውን? የመድረኩ ባለቤት ነውን? ወይስ ቫዮሊኑን በእጁ የያዘው ሰው? ቦብ ዊልስ በዕድሜው ሙሉ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሲሟገት ኖሯል። ብዙውን ጊዜ ረትቷል፤ የተረታበትም ቦታ አለ።

ቦብ ዊልስ የተወለደው ማርች 6 ቀን 1905 በቴክሳስ ግዛት ኮሲ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ከ10 ልጆች የመጀመሪያው ነበረ። አባቱ ጆን ዊልስ ጥጥ እያመረተ የሚኖር ድኻ ገበሬ ሲሆን፣ ቫዮሊን በመምታት ግን በአገሩ የታወቀ ሰው ነበር። በዚያ አገር ገበሬዎች አነጋገር መሣሪያው ፊድል ይባላል። ከቫዮሊን በሥራው የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ በአመታቱና በአማማሩ ነው። ፊድል መቺ ኖታ የማንበብ ግዴታ የለበትም፤ ዜማውን እንደ እኛ አገር ማሲንቆ መቺ ከአባቱ በጆሮው ይቀበላል። ልጁም የተቀበለው በዚሁ መንገድ ነው።

በ1913 ቤተ ሰቡ የተሻለ ኑሮ ፍለጋ በፈረስ ጋሪ ተጭኖ፣ በመንገድም ላይ የሰው ጥጥ እየለቀመ ስንቁን በማግኘት፣ ወደ ምዕራብ ቴክሳስ ተሰደደ። የሠፈሩበት ሆል ካውንቲ የሚባለው አውራጃ ሲሆን፣ ተርኪ የምትባለው መንደር በዚያው ትገኛለች። ልጁ በጥጥ እርሻ ሲሠራ የጨዋታ ጓደኞቹ የጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። ሠራተኞቹ ቀን ረድፍ ለረድፍ ሲለቅሙ የሚያንጐራጕሩትን፣ ማታም በሠፈራቸው ተሰብስበው የሚጫወቱትን፣ ብሉዝ የሚባለውን የብሶት ዜማ በልጅነቱ ሲሰማ አደገ። እርሱ ራሱ ኋላ እንደ ተናገረው፣ ቤሲ ስሚዝ የተባለችውን ታላቅ ጥቁር ዘፋኝ ለመስማት ሲል 50 ማይል ያህል በፈረስ ተጕዟል። ስለዚህ ከአንድ ወገን የአባቱ የፊድል ዜማ፣ ከሌላው ወገን የጥጥ ለቃሚዎቹ ብሉዝ በአንድ ልጅ ጆሮ ውስጥ ተገናኙ። ኋላ በሸክላ ያስቀረጻቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ ከዚህ መገናኛ የወጡ ናቸው።

በዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። በዚያ ዘመን በነዚያ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበርና፣ ዜማውን ያስተማሩት ሰዎች ኋላ ቦብ ዊልስ በሚጫወትባቸው አዳራሾች ከነጮች ጋር እኩል ገብተው ሊጨፍሩ አይችሉም ነበር። ጓዱም በገነነበት ዘመን ሁሉ የነጮች ጓድ ነበረ። ቦብ ዊልስ ከማን እንደ ተማረ አልካደም፤ በግልጽ ይናገር ነበር። ዳሩ ግን ማመስገኑና ዕዳን መክፈሉ አንድ አይደሉም፤ የኋለኛው በዚያ ትውልድ ዘመን አልተደረገም።

በ1915 ዕድሜው 10 ዓመት ሲሆን፣ አባቱ በአንድ የከብት እርባታ ግቢ ለዳንስ እንዲጫወት ተጠርቶ ሳለ ዘገየ። እንግዶቹ ተሰብስበው ይጠባበቁ ጀመር። በዚህን ጊዜ ልጁ ቫዮሊኑን አንሥቶ የሚያውቃቸውን ጥቂት ዜማዎች ደጋግሞ መታ። የሚያውቃቸው ዜማዎች ስድስት ብቻ ነበሩ ይባላል፤ ጨፋሪዎቹ ግን ቅር አልተሰኙም። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ለዳንስ መጫወት ሥራው ሆነ። አስተውሉ፤ ሰውየው ገና ከመጀመሪያው ለሚጨፍር እግር እንጂ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ጆሮ የተጫወተ አይደለም። የኋላ ጠባዩን ሁሉ ለመረዳት ይህን መያዝ ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ቫዮሊን ብቻውን እንጀራ አልሆነውም። ጐልማሳ በሆነ ጊዜ ጸጉር ማስተካከል ተማረና በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሮይ በምትባል ከተማ፣ ቀጥሎም በተርኪ ጸጉር አስተካካይ ሆኖ ሠራ። ሮይ ሳለ ማታ ማታ ለሜክሲኮ ተወላጆች ዳንስ ይጫወት ስለ ነበረ፣ ከነርሱ አመታት የወሰደውን ከራሱ ጋር ደባልቆ ስፓኒሽ ቱ ስቴፕ የተባለውን ዜማ አወጣ። ይህ በ1927 ነው።

በ1929 ቦብ ዊልስ ሥራ ፍለጋ ፎርት ወርዝ ወደምትባለው ታላቅ ከተማ ሄደ። መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ከተዘዋዋሪ መድኃኒት ሻጮች ጋር ነበር። እነዚህ ሰዎች ሕዝብ እንዲሰበሰብላቸው ዘፈንና ቀልድ ያሳዩ ነበር፤ ዊልስም ፊቱን በጥላሸት አጥቍሮ ጥቁር በመምሰል ይቀልድና ይጨፍር ነበር። ይህ በዚያ ዘመን የተለመደ፣ ዛሬ ግን የሚያሳፍር ትርኢት ነው። እስከዚያ ድረስ በቤተ ሰቡ ዘንድ ጂም ሮብ ይባል ነበርና፣ በትርኢቱ ውስጥ ጂም የሚባሉ ስለ በዙ ቦብ የሚለውን ስም ያገኘው ከዚያ ነው። ወዲያው ኸርማን አርንስፒገር ከሚባል ጊታር መቺ ጋር ተገናኘ፤ በ1930 ደግሞ ሚልተን ብራውን የሚባል መልካም ድምፅ ያለው ወጣት ተጨመረ። ሦስቱ በቤት ድግስና በዳንስ አዳራሽ እየተጫወቱ የዕለት ጕርሳቸውን ያገኙ ነበር።

በጃንዋሪ 1931 ቡረስ ወፍጮ የሚባለው የዱቄት ኩባንያ ምርቱን በራዲዮ ለማስተዋወቅ ሦስቱን ሰዎች ቀጠራቸው። የዱቄቱ ስም ላይት ክረስት ስለ ነበረ፣ ጓዱም ላይት ክረስት ዶውቦይስ ተባለ፤ ስሙ በሊጥ ላይ የተደረገ ቀልድ ነው። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ደብልዩ ሊ ኦዳንኤል ይህን የገበሬ ሙዚቃ ከቶ አይወድም ነበርና ሁለት ሳምንት ያህል ከተሰማ በኋላ ፕሮግራሙን አስቆመው። አድማጩ ግን አጕረመረመ፤ ደብዳቤም ጐረፈ። ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ እሺ አለ፤ ነገር ግን በራዲዮ ከሚጫወቱት ሌላ በፋብሪካው ውስጥ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የሳምንት ሥራቸውን እንዲሠሩ አዘዘ። ቦብ ዊልስ የዱቄት መኪና ነዳ፤ አርንስፒገር ጆንያ ተሸከመ። በመሥሪያ ቤት ያላችሁ አድማጮቻችን ይህን ስትሰሙ ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም፤ የአለቃ ውሳኔ ሲቀለበስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ተጨማሪ ግዴታ ጋር ነውና።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይህ ሙዚቃውን የጠላው ሥራ አስኪያጅ የፕሮግራሙን ትርፍ አይቶ ራሱ በማይክሮፎን ፊት የሚናገር፣ ግጥም የሚያነብ፣ ለእናቶች ምክር የሚለግስ ሰው ሆነ። በራዲዮ ያገኘው ዝናም ኋላ የቴክሳስ አገረ ገዥ፣ ቀጥሎም በዋሽንግተን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል አደረገው። በአንድ የዱቄት ማስታወቂያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተነሡ፤ አንዱ ወደ ሥልጣን፣ ሌላው ወደ ዳንስ አዳራሽ ሄደ ማለት ይቻላል።

ኦዳንኤል ተጫዋቾቹ ለዳንስ እንዳይጫወቱ ከለከለ። ሚልተን ብራውን በዚህ ምክንያት በ1932 ተለይቶ የራሱን ጓድ አቋቋመ። በዚህ ላይ ለእውነት ስንል አንድ ቃል እንናገራለን። ብዙ ሰዎች ቦብ ዊልስን የዌስተርን ስዊንግ አባት ይሉታል፤ የስዊንግን አመታት ከፊድልና ከጊታር ጋር አዋሕዶ በተሟላ ጓድ ያቀረበው ግን ብራውን ቀድሞ ነው። በኤፕሪል 1936 በመኪና አደጋ ምክንያት በለጋ ዕድሜው ባይሞት ኖሮ፣ ይህ ንግግር ስለ ማን ይሆን እንደ ነበር ለመናገር አይቻልም። በብራውን ቦታ ቶሚ ደንከን የሚባል ዘፋኝ ተመረጠ፤ ለፈተና ከቀረቡት 67 ሰዎች መካከል የተገኘ ነው ይባላል።

በኦገስት 1933 ኦዳንኤል ቦብ ዊልስን ከሥራ አስወገደው። ምክንያቱ መጠጥ ነበር። ዊልስ በጠጣ ጊዜ የራዲዮውን ሰዓት ያሳልፍ ነበርና፣ በዚህ ነገር ፍርዱ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ነው ከማለት በቀር የምንጨምረው የለም። ከሥራ የወጣው ሰው ደንከንንና ጥቂት ጓደኞቹን ይዞ ዋኮ ወደምትባለው ከተማ ሄደና ኋላ ቴክሳስ ፕሌይቦይስ የተባለውን ጓድ አቋቋመ። ኦዳንኤል ግን በዚህ አልተወውም። የቀድሞ ስማችንን ለማስታወቂያ ተጠቅሞበታል ብሎ ከሰሰው፤ በፍርድ ቤትም ተረታ። ዊልስ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ተሻግሮ በአንድ ራዲዮ ጣቢያ መጫወት ቢጀምር፣ የዱቄቱ ኩባንያ የራሱን ፕሮግራም ለጣቢያው እሰጣለሁ ብሎ የዊልስን ቦታ አስነጠቀው።

በፌብሩዋሪ 1934 ቦብ ዊልስ ቱልሳ ደረሰ። ኬቪኦኦ የሚባለው የቱልሳ ራዲዮ ጣቢያ ኃይለኛ ስለ ነበረ ድምፁ ከኦክላሆማ አልፎ በብዙ ግዛቶች ይሰማ ነበር። ኦዳንኤል እዚህም ድረስ ተከትሎ ለማስወጣት ሞከረ፤ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ግን እምቢ አለው። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት፣ በሥራ ቀን ሁሉ፣ ቀትር ላይ በእኛ አቈጣጠር በ6 ሰዓት ተኩል፣ የቦብ ዊልስ ጓድ በአየር ላይ ይወጣ ጀመር። ሰዓቱ በማስተዋል የተመረጠ ነው። ገበሬው ከእርሻው፣ የነዳጅ ዘይት ሠራተኛው ከጕድጓዱ ተመልሶ ለምሳ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። ዘመኑም የታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ነበረ። ዝናብ ጠፍቶ፣ መሬቱ አቧራ ሆኖ፣ ባንኮች የገበሬውን ቤት በዕዳ የሚይዙበት ጊዜ ነበር። ምሳው ባይሞላም ሙዚቃው በሰዓቱ ይደርስ ነበር።

ቦብ ዊልስ በቡረስ ወፍጮ ሳለ የተማረውን ትምህርት አልረሳም። ሌላው ነጋዴ በጓዱ ስም ዱቄት ሲሸጥ ጓዱ ደመወዝተኛ ሆኖ እንደሚቀር አይቷል። ስለዚህ ከአንድ ታላቅ የዱቄት ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ፕሌይቦይ የሚባል በራሱ ጓድ ስም የተሰየመ ዱቄት እንዲወጣ አደረገ፤ ከሽያጩም ድርሻውን ይቀበል ነበር። በጆንያው ላይ የተጻፈው ስም የራሱ ስለ ሆነ፣ ዳንስ አትጫወት፣ ይህን ዜማ ተው የሚለው አለቃ አልነበረም። ከዱቄት ፋብሪካ የተባረረው ሰው በዱቄት ራሱን ቻለ። በእኛ አስተያየት በሕይወቱ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ብልኃተኛው ይህ ነው፤ ከዜማዎቹም አንዳንዶቹ አይበልጡትም።

ማታ ጓዱ የሚጫወተው ኬይንስ ቦልሩም በሚባለው የቱልሳ ዳንስ አዳራሽ ሲሆን፣ በሌሎች ቀናት በአውቶቡስ እየተጓዘ በአካባቢው ከተሞች ይጫወት ነበር። አዳራሹ ዛሬም ቆሞ ይገኛል። ከዚህ አዳራሽ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ ግሪንዉድ የሚባል የጥቁሮች ሠፈር አለ። ዊልስ ቱልሳ ከመድረሱ 13 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1921፣ የነጮች መንጋ ይህን ሠፈር አቃጥሎ ብዙ ሰው ገድሏል። በኬይንስ ወለል ላይ ብሉዝ እየተመታላቸው ከሚጨፍሩት መካከል ያን ቀን የሚያስታውሱ ብዙዎች ሳይኖሩ አልቀሩም። ስለ ነገሩ ግን በከተማው በአደባባይ አይወራም ነበር።

አሁን ስለ ጓዱ አሠራር ጥቂት እንናገር። የገጠር ጓድ ማለት በተለመደው ሥርዓት ፊድል፣ ጊታርና ባንጆ ነው፤ ከበሮም ጥሩምባም የለበትም። ቦብ ዊልስ ግን በ1935 ስሞኪ ዳከስ የሚባል ከበሮ መቺ ቀጠረ፤ ሳክስፎንና ጥሩምባ ጨመረ፤ በፒያኖ ላይ አል ስትሪክሊንን አስቀመጠ፤ ሊዮን መክኦሊፍ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ስቲል ጊታር እንዲመታ አመጣ። በ1940 የጓዱ ቍጥር 18 ደርሶ ነበር። በአንድ ሌሊት የገበሬ ዜማ፣ የኒው ኦርሊንስ ጃዝ፣ የሜክሲኮ አመታት፣ ብሉዝና ቫልስ ተከታትለው ይቀርቡ ነበር። ሰዎች ይህ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው ብለው ሲጠይቁ የሚሰጠው ስም አልነበረም። ዌስተርን ስዊንግ የሚለው ስም የተለመደው ኋላ በ1940ዎቹ ነው።

መሪው ራሱ ነጭ ባርኔጣ አድርጎ፣ ሲጋራ በአፉ ይዞ፣ በጓዱ ፊት ይንጐራደድ ነበር። ቀድሞ የተጻፈ ተራ የለም። በቫዮሊኑ መምቻ ወደ አንዱ ተጫዋች ያመለክታል፤ ያ ሰው ወዲያውኑ ከልቡ ያፈለቀውን መምታት አለበት። ስለዚህ ተጫዋቾቹ ሁሉ ዓይናቸውን ከእርሱ አይነቅሉም ነበር። ዜማው ባማረው ጊዜ ደግሞ በቀጭን ድምፅ ረዘም አድርጎ እልል እንደ ማለት ይጮኻል፤ የተጫዋቹን ስም ጠርቶ ያሞግሳል፣ ይቀልድበታል። አባቱና አያቱ በገጠር ዳንስ እንዲህ ይጮኹ ነበርና ለእርሱ አዲስ ነገር አልነበረም።

ለሸክላ ኩባንያ ሰዎች ግን አዲስ ነገር ነበረ። በሴፕቴምበር 1935 ጓዱ በዳላስ ከተማ የመጀመሪያውን ሸክላ ሊያስቀርጽ በተሰበሰበ ጊዜ፣ ቀረጻውን የሚመራው አርት ሳዘርሊ የሚባል በእንግሊዝ አገር የተወለደ ሰው ነበር። ሳዘርሊ ጥሩምባዎቹን አይቶ እነዚህ ለምን መጡ አለ። ቀረጻው ሲጀመር ደግሞ ዊልስ መጮኹን አቋርጦ ዝም እንዲል ጠየቀው፤ ጩኸቱ የተጫዋቾቹን ድምፅ ይሸፍናል ባይ ነው። ቦብ ዊልስ ክርክር አላበዛም፤ ልጆቹን ዕቃችሁን ሰብስቡ፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን አላቸው። ጓዱን የሚፈልግ ከሆነ ከነጩኸቱ ይውሰድ ማለቱ ነበር። ሳዘርሊ እሺ አለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለብዙ ዓመታት በመልካም አብረው ሠሩ፤ ዛሬም ሸክላዎቹን የሚያዳምጥ ሰው ያን ጩኸት በየዘፈኑ ያገኘዋል።

በኖቬምበር 1938 ሳን አንቶንዮ ሮዝ የተባለውን ዜማ ያለ ቃል በመሣሪያ ብቻ አስቀረጸ። ዜማው የተገኘው ያን በሮይ ያወጣውን የሜክሲኮ አመታት ያለበት ዜማ ገለባብጦ ነው ይባላል። በ1940 ቃል ተጨምሮበት፣ በሙሉ ኦርኬስትራ፣ ኒው ሳን አንቶንዮ ሮዝ በሚል ስም እንደ ገና ተቀረጸ፤ የዘፈነው ቶሚ ደንከን ነው። ዘፈኑ በመላ አሜሪካ ተሰማ። ቢንግ ክሮዝቢ የተባለው እጅግ የታወቀ ዘፋኝም በራሱ ድምፅ አስቀርጾ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸክላ ሸጠበት። የጸጉር አስተካካዩ ዜማ ከሮይ ተነሥቶ እዚህ ደረሰ። ሆሊውድም ጠራው፤ በ1940 ከቴክስ ሪተር ጋር በሲኒማ ታየ።

ጦርነቱ ሲመጣ ጓዱ ተበተነ። ቦብ ዊልስ ራሱ ዕድሜው 37 ሲሆን በ1942 መጨረሻ ወታደር ሆነ፤ ነገር ግን ለወታደር ቤት የሚሆን ሰው አልነበረምና በ1943 ተሰናበተ። ወደ ቱልሳ ግን አልተመለሰም፤ የቱልሳውን የራዲዮ ሰዓት ለወንድሙ ለጆኒ ሊ ትቶ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በአቧራው ዘመን ከኦክላሆማና ከቴክሳስ የተሰደዱ ገበሬዎች በካሊፎርኒያ ኦኪ እየተባሉ በንቀት ይጠሩ ነበር፤ አሁን ግን በአውሮፕላንና በመርከብ ፋብሪካ ተቀጥረው ደመወዝ የሚያገኙ ሆነዋል። እነዚህ ሰዎች የአገራቸውን የቀትር ሙዚቃ ፈለጉ። ቦብ ዊልስ በባሕር ዳርቻ ባሉት ታላላቅ አዳራሾች ሲጫወት ሺሕ በሺሕ ሆነው ይመጡ ነበር።

በዲሴምበር 30 ቀን 1944 በናሽቪል ከተማ ግራንድ ኦል ኦፕሪ በሚባለው ዝነኛ የራዲዮ መድረክ እንዲጫወት ተጋበዘ። በዚያ መድረክ ከበሮ ክልክል ነበረ፤ የገጠርን ሙዚቃ ንጽሕና ያጠፋል ተብሎ ይታሰብ ነበርና። አዘጋጆቹ ከበሮው ከመጋረጃ ኋላ ተደብቆ እንዲመታ ሐሳብ አቀረቡ። ቦብ ዊልስ ሊጫወት ሲል ከበሮውን ወደ ፊት አውጡ ብሎ አዘዘ፤ ወጣም። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ጥቂት ሳይዳብር አልቀረም፤ የሰውየውን ጠባይ ግን በትክክል ያሳያል። ያ መድረክ ከበሮን በሙሉ ልብ ለመቀበል ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል።

እስከዚህ ድረስ የነገርናችሁ የረታበትን ነው። በመድረክ ላይ ያለ ማንም ከልካይ ያዝዝ የነበረው ሰው ሁለት ነገሮችን ማዘዝ አልቻለም፤ መጠጡንና ገንዘቡን። ለወራት ሳይቀምስ ይቈይና አንድ ቀን ሲጀምር ለብዙ ቀናት ይጠፋ ነበር። ሕዝቡ ትኬት ቈርጦ ሲጠብቅ መሪው አይመጣም። በዚህን ጊዜ የሕዝቡን ቍጣ የሚቀበሉት ደንከንና ሌሎቹ ነበሩ። ደንከን በዚህ ነገር ቅሬታውን መናገር ጀመረ፤ ቦብ ዊልስም ሰምቶ በ1948 አሰናበተው። 16 ዓመት አብሮት የኖረውን፣ የዝናውን እኩሌታ በጉሮሮው የተሸከመውን ሰው አሰናበተ። በ1933 የዱቄቱ ሥራ አስኪያጅ በእርሱ ላይ የፈረደው ፍርድ በቂ ምክንያት ነበረው፤ እርሱ በደንከን ላይ የፈረደው ግን ምክንያት አልነበረውም።

በ1950 ከመልካም ሥራዎቹ አንዱ የሆነውን ፌድድ ላቭ የተባለውን ዘፈን አስቀረጸ። ዜማው የአባቱ፣ ቃሉ የወንድሙ የቢሊ ጃክ ነው። በዚያው ዓመት በዳላስ ከተማ በስሙ የተጠራ ሰፊ የዳንስ አዳራሽ ተከፈተ። ቦብ ዊልስ ለሙዚቃው እንጂ ለሒሳብ መዝገብ ጊዜ አልነበረውም፤ አስተዳደሩን ለሌሎች ሰዎች አስረከበ። እነርሱም አላመኑትም፤ አጐደሉ። የመንግሥት ግብር ሳይከፈል ተከማችቶ ሲገኝ ዕዳው የወደቀው ስሙ በበሩ ላይ በተጻፈው ሰው ላይ ነው። ዕዳውን ለመክፈል ንብረቱን ሲሸጥ ኒው ሳን አንቶንዮ ሮዝንም ጨምሮ ሸጠ። ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ በራዲዮ በተሰማ፣ በሸክላ በተሸጠ ቍጥር የባለቤትነቱን ገንዘብ የሚቀበሉት ሌሎች ሆኑ። በ1930ዎቹ በዱቄት ጆንያ ላይ ስሙን አጽፎ ራሱን የቻለው ሰው፣ ስሙ የተጻፈበት አዳራሽ ከሁሉ የሚበልጠውን ሀብቱን ወሰደበት።

ዘመኑም ተለወጠ። ሰዎች ማታ ቤታቸው ተቀምጠው ቴሌቪዥን መመልከት ጀመሩ፤ ትልልቆቹ የዳንስ አዳራሾች አንድ በአንድ ተዘጉ። ወጣቱ ሮክ ኤንድ ሮል ወደሚባለው ሙዚቃ ሄደ። ቦብ ዊልስ ስለዚህ ሙዚቃ በተጠየቀ ጊዜ እኛ ከ1928 ጀምሮ የምንጫወተው እኮ ይኸው ነው ብሏል። አነጋገሩ የትዕቢት ይመስላል፤ ከበሮውን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ጊታርና ከብሉዝ የተወሰደውን አመታት ለሚያስታውስ ሰው ግን ብዙ እውነት አለበት። በ1962 የልብ ሕመም መታው፤ በ1964 ደገመው፤ ከዚያም ጓዱን በተነ።

ከበሮውን ያስደበቀችው ናሽቪል በ1968 በአገር ቤት ሙዚቃ የክብር መዝገብ ውስጥ ስሙን አስገባች። ሁልጊዜ በራሱ ላይ የምትኖረውን ባርኔጣ አውልቆ ሕዝቡን አመሰገነ። በሜይ 30 ቀን 1969 የቴክሳስ ምክር ቤት በአዳራሹ አክብሮ ምስጋና አቀረበለት። በማግሥቱ ግን ደም ሥሩ በአንጐሉ ውስጥ ተበጥሶ አንድ ጐኑ ሰለለ፤ ቫዮሊን መያዝ የማይችል ሆነ። ይኸው የቴክሳስ ምክር ቤት በ2011 ዌስተርን ስዊንግን የግዛቱ ይፋ ሙዚቃ አድርጎ ወስኗል።

በ1970 መርል ሃጋርድ የሚባለው የታወቀ ዘፋኝ፣ ወላጆቹ ከኦክላሆማ ወደ ካሊፎርኒያ ከተሰደዱት ወገን የሆኑ፣ ቫዮሊን ተምሮ የቦብ ዊልስን ዜማዎች ብቻ የያዘ ሸክላ አወጣ። በዚህ ምክንያት የቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ተፈላልገው ተገናኙ። በዲሴምበር 3 ቀን 1973 እነ መክኦሊፍ፣ እነ ስትሪክሊን፣ እነ ዳከስ፣ ሁሉም ሽበታም ሆነው፣ በዳላስ ለቀረጻ ተሰበሰቡ። ቦብ ዊልስ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቶ መጣ። እጁ ባይታዘዝለትም ድምፁ ጥቂት ቀርቶለት ስለ ነበር፣ በዚያን ቀን በአንዳንዱ ዘፈን ላይ ያንን የድሮ ጩኸቱን አሰማ፤ ዝም በል የሚለው አልነበረም። በዚያው ሌሊት ግን ሕመሙ በረታበትና ራሱን ሳተ። በማግሥቱ መርል ሃጋርድ ሲደርስ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ጓዱ ያለ መሪው ቀረጻውን ፈጸመ።

ቦብ ዊልስ ከዚያ ሌሊት በኋላ አልነቃም። በሜይ 13 ቀን 1975 በፎርት ወርዝ ከተማ፣ የዱቄት መኪና በነዳበት አገር፣ በ70 ዓመቱ ዐረፈ። ሬሳው ግን ወደ ኦክላሆማ ተወስዶ በቱልሳ ተቀበረ።